ለሌንስ ፊልተር ስንት ማውጣት ያዋጣል?

ሌንስ ስትገዙ ሻጩ ዕቃውን ከማሸጉ በፊት አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ «ፊልተርስ?» ከዚያ ሌንሱ ፊት ላይ የሚታሰር ሁለት ሦስት ክብ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። ሁሉም ጥርት ያሉ ናቸው። በዓይን ሲታዩ አንዱ ከሌላው አይለይም። ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ከ10 ዶላር በታች የሚሸጥ አለ። ከ200 ዶላር በላይ የሚጠየቅበትም አለ። ግራ የገባው ሰው ወይ ርካሹን ያነሳል፣ ወይ «ውድ ከሆነ ጥሩ ነው» ብሎ ኪሱን ያራግፋል።

መልሱ ያለው ፊልተሩ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። ሌንሱን ከአቧራና ከጣት አሻራ ለመጠበቅ ብቻ ከሆነ መካከለኛው ይበቃል። ከዚያ በላይ ያወጣችሁት ገንዘብ ፎቶው ላይ አይታይም። ነጸብራቅ የሚያጠፋው ሲፒኤልና ብርሃን የሚቀንሰው ኤንዲ የሚባሉት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ርካሽ መግዛት ሥራ ያበላሻል፣ ያውም ኤዲት ተደርጎ የማይስተካከል ብልሽት። ምክንያቱን ከብርጭቆው ጀምረን እንየው።

ብርሃን ብርጭቆ ላይ ሲያርፍ ሁሉም አያልፍም። ምንም ያልተቀባ ብርጭቆ በአንዱ ገጹ ብቻ 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ፊልተር የፊትና የኋላ ገጽ ስላለው ወደ 8 በመቶ ይጠጋል ማለት ነው። ብርሃኑ መቀነሱ ችግር አይደለም፤ ካሜራው ራሱ ያካክሰዋል። ችግሩ ነጥሮ የተመለሰው ብርሃን የሚሄድበት ቦታ ነው። ሌንሱ ውስጥ የገባው ብርሃን ምስሉን የሚመዘግበው ሴንሰር ላይ ሲያርፍ የተወሰነው ተመልሶ ይወጣል። ሲወጣ የፊልተሩን የኋላ ገጽ ያገኛል። ያ ገጽ እንደገና ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ውጤቱ ፎቶው ላይ ያልነበረ ሁለተኛ መብራት ነው። ተገልብጦ፣ ከትክክለኛው መብራት በተቃራኒ በኩል ይታያል።

ቀን ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም። ማታ ግን ጉድ ያፈላል። የደመራ ምሽትን አስቡት። መስከረም 16 ነው፣ ጨለማው እየወረደ ነው፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጧፍ ይዟል፣ ችቦው ይነዳል። ከፎቶው በታች በኩል ያለው እያንዳንዱ ነበልባል ከላይ፣ ጥቁሩ ሰማይ ላይ፣ ደብዛዛ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እነዚያን ነጥቦች አንድ በአንድ ማጥፋት ሌሊቱን ይፈጃል። የገና ዋዜማን ላሊበላ ላይ ለሚያነሳም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጨለማ ውስጥ መብራት ወይም እሳት የምታነሱ ከሆነ መከላከያ ፊልተሩን አውልቁት። ውድ ቢሆንም አውልቁት። ጥሩው ፊልተር ነጥቡን ያደበዝዘዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ይህን ነጸብራቅ የሚቀንሰው ኮቲንግ ነው። ብርጭቆው ላይ በጣም ስስ የሆኑ ንብርብሮች ይቀባሉ። ጥሩ መልቲ ኮቲንግ ያለው ፊልተር በአንዱ ገጽ የሚመልሰው ብርሃን ከ4 በመቶ ወደ ግማሽ በመቶና ከዚያ በታች ይወርዳል። ከርካሹ ወደ መካከለኛው ዋጋ ስትሻገሩ በዋናነት የምትከፍሉት ለዚህ ነው። ሆያ በሚባለው ብራንድ ላይ «ኤችኤምሲ»፣ ቢ ፕላስ ደብሊው በሚባለው ላይ «ኤምአርሲ» የሚሉት ፊደላት ይህንኑ ነው የሚገልጹት። ከመካከለኛው ወደ ውዱ ስትሄዱ ደግሞ የሚጨመረው ውሃና ቅባት የማይዝ ሽፋን፣ ቶሎ የማይጫር ገጽ፣ የተሻለ ፍሬም ነው። እነዚህ ለአያያዝ ይመቻሉ። ፎቶውን ግን የበለጠ ጥርት አያደርጉትም።

ኮቲንግ መኖሩን ለማወቅ ሱቅ ውስጥ አንድ ደቂቃ ይበቃችኋል። ፊልተሩን አግድም ያዙትና የጣሪያው አምፖል ብርጭቆው ላይ እንዲንጸባረቅ አድርጉ። ያልተቀባ ከሆነ አምፖሉ ነጭ ሆኖ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ መስታወት የያዛችሁ እስኪመስል። መልቲ ኮትድ ከሆነ ነጸብራቁ ደብዘዝ ብሎ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። በሁለቱም በኩል ገልብጣችሁ እዩ፤ የፊቱ ብቻ የተቀባ ያጋጥማል፣ ትልቁን ጣጣ የሚያመጣው ደግሞ የኋላው ገጽ ነው። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። በብርጭቆው ውስጥ የሚታየው ወረቀት ከውጭ ካለው ይልቅ ቢጫ ከመሰለ ፎቶውም ቢጫ ይሆናል። የታዋቂ ብራንድ ስም የተለጠፈባቸው አስመስለው የተሠሩ ፊልተሮች ገበያ ላይ ስላሉ ይህን ማድረግ ማሸጊያውን ከማመን ይሻላል። ሻጩ ማሸጊያውን አላስከፍትም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

አሁን አልትራቫዮሌት ጨረር ያስቀራል ወደሚባለው ወደ ዩቪ ፊልተር እንምጣ፣ ብዙ ሰው ሳያስበው የሚገዛው እሱን ስለሆነ። በፊልም ዘመን ዩቪ ፊልተር እውነተኛ ሥራ ነበረው። ፊልም ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይመዘግባል። በተለይ ከፍተኛ ቦታ ላይ የሩቁ ተራራ ሰማያዊ ጭጋግ ለብሶ ይወጣ ነበር። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ግን ከፊቱ የራሱ መከላከያ አለው፤ አልትራቫዮሌቱንም ኢንፍራሬዱንም አብዛኛውን ያስቀራል። የሌንሱ ብርጭቆም በራሱ ብዙውን ያቆማል። ስለዚህ ሰሜን ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆማችሁም ቢሆን ዩቪ ፊልተር ማድረግ ጭጋጉን አይገፍላችሁም። ዛሬ ዩቪ ፊልተር ማለት መከላከያ ብርጭቆ ማለት ነው። «ፕሮቴክተር» ተብሎ ከሚሸጠው ጋር ለእኛ ልዩነት የለውም። ሻጩ «ይሄኛው ዩቪው ጠንካራ ነው» ብሎ ጭማሪ ቢጠይቅ አትክፈሉ።

ታዲያ ይከላከላል? ከአቧራ፣ ከጣት፣ ከጨው፣ ከሚረጭ ውሃ፣ አዎ። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ገብቶ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ጸበሉ ሲረጭ ካሜራውን አይለይም። ጨርቅ አውጥቶ ፊልተሩን ጠረግ አድርጎ መቀጠል ሌንሱን ራሱን ከመጥረግ ይቀላል። ዳሎል ጨው ላይ፣ ገጠር መንገድ ላይ፣ የባሕረ ሰላጤው አገር አሸዋ ላይም እንደዚሁ። አንዳንድ ሌንሶች ላይ ደግሞ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ለምሳሌ የካኖን 17-40 ኤል ሌንስ ውሃና አቧራ እንዳይገባው የተደረገው ጥበቃ የሚሟላው ፊት ለፊቱ ፊልተር ሲታሰርለት ነው።

ከመውደቅ ያድናል የሚለውን ግን በቁጥብነት ተቀበሉት። ፊልተር ስስ ብርጭቆ ነው። የሌንሱን ወፍራም የፊት ብርጭቆ ምንም የማያደርግ ምት ፊልተሩን ይሰብረዋል። ተሰብሮ ስታዩት «አተረፈልኝ» ትላላችሁ፤ ምናልባት ሌንሱ ያለ እሱም ይተርፍ ነበር። ስብርባሪው ሌንሱን የሚጭርበት ጊዜም አለ። ለመውደቅና ለግጭት የሌንስ ሁድ፣ ሌንሱ አፍ ላይ የሚታሰረው ጥላ፣ ይሻላል። ምቱን ቀድሞ ይቀበላል፣ ከጎን የሚመጣ ብርሃንንም ይጋርዳል፣ ፎቶውን አይነካም። ከካሜራው ጋር በመጣው 18-55 ሌንስ ላይ ውድ መከላከያ ፊልተር ማሰር በእኔ እይታ ገንዘብ ማባከን ነው። በዚያው ብር ሁድ ግዙበት፣ የቀረውን ለሌላ አቆዩት።

ረጅም ሌንስ ለምትጠቀሙ፣ ወፍ ወይም ኳስ ለምታነሱ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ከ300 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን የብርጭቆው ጠፍጣፋነት ወሳኝ ይሆናል። ትንሽ የተዛነፈ ርካሽ ብርጭቆ ፎቶውን ያለሰልሰዋል፣ እናንተ ደግሞ ፎከሱ ነው የሳተው ብላችሁ ሌንሱን ትወቅሳላችሁ። ከተጠራጠራችሁ ፊልተሩን አውልቃችሁ ያንኑ ነገር ድጋሚ አንሱና በኮምፒውተር አጉልታችሁ አወዳድሩ።

ገንዘብ የሚገባው ፊልተር ሲፒኤል ነው። ብርሃን ከውሃ፣ ከመስታወት ወይም ከቅጠል ላይ ነጥሮ ሲመጣ በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ይሆናል። ሲፒኤል እንደ ሽንሽን አጥር ነው፤ ከሽንሽኑ ጋር የገጠመውን ያሳልፋል፣ የተጋደመበትን ያስቀራል። ፊልተሩን ስታዞሩት ነጸብራቁ ሲጠፋና ሲመለስ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጋ ቆማችሁ ውሃው ሰማዩን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ሲፒኤሉን ስታዞሩት ከሥር ያለው ድንጋይና ዓሣ ይወጣል። ይህን ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ኤዲቲንግ ፕሮግራም አይሠራውም። ካሜራው ያልመዘገበውን ዓሣ ከየት ያመጣዋል? ፊልተሩ ዋጋ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አጠቃቀሙን የማያውቅ ሰው ግን «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል። ውሃ ላይ በደንብ የሚሠራው ቁልቁል ሲታይ አይደለም፤ ዓይናችሁ ከውሃው ገጽ ጋር ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሲያጋድል ነው። ሰማይ ላይ ደግሞ የሚሠራው ከፀሐይ 90 ዲግሪ በሚርቀው ክፍል ነው። ቀላል ዘዴ አለው። ጠቋሚ ጣታችሁን ወደ ፀሐይ ቀስሩ፣ አውራ ጣታችሁን ዘርጉ፣ ከዚያ እጃችሁን ጠምዝዙ። አውራ ጣታችሁ የሚያልፍበት ሰማይ ሁሉ በሲፒኤል ይጠቁራል። በኛ አገር ይህ ጥሩ ውጤት አለው። በሚያዝያ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። ስለዚህ ወደ የትም ብትዞሩ ለአድማሱ ቀረብ ያለው ሰማይ 90 ዲግሪ ላይ ነው፣ ሲፒኤሉ በሁሉም አቅጣጫ ይሠራል። ጠዋትና ማታ ግን ፀሐይዋ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ዝቅ ስለምትል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ዞራችሁ አንሱ። ወደ ፀሐይ ወይም ለፀሐይ ጀርባ ሰጥቶ ማንሳት ምንም ለውጥ አያመጣም።

ከፍተኛ ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። ሰሜን ተራሮች ላይ ሰማዩ በራሱ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሲፒኤሉን እስከ መጨረሻው ካዞራችሁት ቀን የተነሳው ፎቶ ሌሊት ይመስላል፤ ግማሽ ላይ አቁሙት። በሰፊ ሌንስ፣ ለምሳሌ በ16 ሚሊሜትር፣ ሰማዩ መሃል ላይ ጠቁሮ ዳርና ዳሩ ፈዝዞ ይወጣል። ይህ የፊልተሩ ጥፋት አይደለም። ሌንሱ ብዙ ሰማይ በአንዴ ስለሚያይ ነው፤ ውድ መግዛትም አያስቀረውም።

ሰርግ የምትሠሩ ሰዎች ሲፒኤል ሳትይዙ ባትወጡ ደስ ይለኛል። ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠው በፊት መስታወቱ በኩል ስታነሷቸው የሚታየው ሕንጻና ዛፍ ነው። ሲፒኤሉን ስታዞሩት ፊታቸው ይወጣል። የጎን መስታወቱ ላይ ግን ነጠብጣብና ቀለማት ብቅ ሊሉ ይችላሉ፤ ያ መስታወቱ በሙቀት ሲጠነክር የተፈጠረበት ውጥረት ነው፣ ሲፒኤሉ ያጋልጠዋል። ፊት ላይ ደግሞ አደብ ይፈልጋል። ላብና ቅባት ያበረቀውን ግንባር ያስተካክላል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ከተዞረ የቆዳ ወዝን ሁሉ ይወስደዋል። ያ ወዝ ለሙሽራዋ ፊት ሕይወት የሰጠው ነው፣ አትንኩት።

ሲፒኤል ላይ ዋጋ ለምን ለውጥ ያመጣል? በሁለት ብርጭቆ መሃል የተጣበቀ ስስ ፊልም ስላለ ነው። ፊልሙ ርካሽ ከሆነ ነጸብራቁን በግማሽ ብቻ ያጠፋል፣ ፎቶውንም ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ይጎትታል። ብርሃንም ይበላል። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ነው፤ ርካሾቹ ሁለት ስቶፕ ሲወስዱ ጥሩዎቹ አንድ ወይም አንድ ተኩል ይወስዳሉ። ጥላ ቦታ ለሚሠራ ሰው ይህ ብዙ ነው። ሙጫውም አለ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሲከርም ከዳር ጀምሮ ይላቀቃል።

ኤንዲ የሚባለው ጥቁር ብርጭቆ ነው። ሥራው ብርሃን መቀነስ ብቻ ነው። በቀን ሹተሩን፣ ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚያስገባውን በር፣ ከፍቶ ማቆየት ስትፈልጉ ይረዳል። ክረምቱ ሲወጣ ጢስ ዓባይ ሄዳችሁ ውሃው እንደ ጭስ ለስልሶ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ባለ 10 ስቶፕ ያስፈልጋችኋል። ያለ ፊልተር 125ኛ ሰከንድ (የሰከንድ 1/125) የነበረው ሹተር በዚህ ፊልተር 8 ሰከንድ ይሆናል። ትራይፖድ አትርሱ። አጻጻፉ ግን ሰው ያደናግራል። አንዱ አምራች «ኤንዲ 8»፣ ሌላው «0.9»፣ ሌላው «3 ስቶፕ» ይላል፤ ሁሉም አንድ ናቸው። «ኤንዲ 64»፣ «1.8» እና «6 ስቶፕ»ም አንድ ናቸው። «ኤንዲ 1000» እና «3.0» ደግሞ 10 ስቶፕ ናቸው። «3.0» የሚለውን አይታችሁ 3 ስቶፕ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ።

ቪዲዮ ለምትሠሩ ኤንዲ አማራጭ አይደለም፣ የሥራ ዕቃ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ እንቅስቃሴው ተፈጥሯዊ እንዲመስል ሹተሩ 50ኛ ሰከንድ ይሁን ይባላል። ጠራራ ፀሐይ ላይ አይኤስኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ትብነት) 100 ሲሆን ትክክለኛው መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 16፣ ሹተሩ 100ኛ ሰከንድ አካባቢ ነው። ሹተሩን ወደ 50ኛ ስታወርዱት አንድ ስቶፕ ብርሃን ይጨምራል። ጀርባው እንዲደበዝዝ ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 2.8 ስትከፍቱ አምስት ስቶፕ ይጨምራል። ድምሩ 6 ስቶፕ ነው፣ ኤንዲ 64 ማለት ነው። ያለ እሱ ምስሉ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ወይም ሹተሩን አፍጥናችሁ እስክስታው እየተቆራረጠ ይታያል።

እዚህ ላይ ርካሹ የሚያመጣው ጣጣ ቀለም ነው። ፊልተሩ የሚታየውን ብርሃን ይቀንሳል፣ ኢንፍራሬዱን ግን ያሳልፈዋል። የሴንሰሩ መከላከያ ደግሞ ሁሉንም አያስቀርም። ፊልተሩ በጠቆረ ቁጥር የኢንፍራሬዱ ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል። የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ሁሉም ጨርቅ እኩል ስለማይለወጥ ከለር ስታስተካክሉ አንዱን ስታድኑ ሌላው ይበላሻል። የሐበሻ ቀሚሱን ነጭ ስትመልሱ የሙሽራው ሱፍ ሌላ ቀለም ይይዛል። ስለዚህ ከ6 ስቶፕ በላይ ከሆነ ኢንፍራሬድ የሚከለክል መሆኑ የተጻፈበትን ግዙ። ለሁለትና ለሦስት ስቶፕ ግን መካከለኛው ምንም አይልም።

የሚዞረው ኤንዲ፣ ቫሪያብል የሚባለው፣ ለቪዲዮ ሰው በጣም ምቹ ነው። በውስጡ ሁለት ፖላራይዘር ነው ያለው። ስለዚህ የፖላራይዘር ጣጣ ሁሉ አለበት፤ ስታዞሩት የቆዳው ወዝና የመስታወቱ ነጸብራቅ አብሮ ይለዋወጣል። ርካሹን ወደ መጨረሻው ስታዞሩት ምስሉ ላይ ትልቅ ጥቁር የኤክስ ቅርጽ ይጋረጣል። የተሻሉት ከዚያ ቦታ በፊት የሚያቆም ገደብ አላቸው። «ከኤንዲ 2 እስከ ኤንዲ 400» ከሚል ርካሽ ይልቅ «ከ2 እስከ 5 ስቶፕ» የሚል፣ በውስን መጠን የሚሠራ ይሻላል።

ባለ ቀለም ፊልተሮችን አትግዙ፤ ኤዲት ይተካቸዋል። ግማሹ ጥቁር ግማሹ ንጹሕ የሆነውም ሁለት ፎቶ በተለያየ ብርሃን አንስቶ በማዋሃድ በአብዛኛው ይተካል። የሙዚቃ ክሊፕ ሠሪዎች የሚወዱት፣ መብራትን የሚያደበዝዘው ሚስት ፊልተር የምርጫ ጉዳይ ነው። ከወደዳችሁት ቀለል ባለው፣ ጥንካሬው አንድ ስምንተኛ (1/8) ተብሎ በተጻፈበት ጀምሩ።

ከመግዛታችሁ በፊት መጠኑን እዩ። ሌንሱ ፊት ላይ የተሰረዘ ክብ ምልክት አለ፣ ከአጠገቡ ያለው ቁጥር ነው። የካኖን ኢኤፍ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም 49 ነው። ካኖን 24-105 ኤፍ 4 ኤል 77 ነው። ብዙዎቹ 24-70 ኤፍ 2.8 ሌንሶች 82 ናቸው። ሌንሱ ስም ውስጥ ያለው ሚሊሜትርና የፊልተሩ ሚሊሜትር አይገናኙም፤ ለ50 ሌንስ 50 ፊልተር አይባልም። ለእያንዳንዱ ሌንስ ሲፒኤል ከመግዛት ለትልቁ ሌንሳችሁ አንድ ጥሩ ግዙና ለትንንሾቹ ስቴፕ አፕ ሪንግ፣ ትልቁን ፊልተር ከትንሹ ሌንስ ጋር የሚያገናኝ ቀለበት፣ እሰሩላቸው። ሪንጉ ርካሽ ነው። ጉዳቱ ሁዱ አብሮት አለመግባቱ ነው። ፍሬሙ ናስ ከሆነ ከአሉሚኒየሙ ይልቅ የመንከስ፣ ማለትም ተጣብቆ አልፈታ የማለት፣ ዕድሉ ያንሳል። ከነከሰ በሁለት ጣት ጨምቃችሁ አትታገሉት፤ ቀለበቱ ይጣመምና ይብስበታል። ዳሩን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ ዙሪያውን በእኩል በመያዝ አዙሩት።

ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ፊልተር ለማስመጣት የሚያስቸግር ዕቃ አይደለም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ግን «ለካሜራዬ ፊልተር» ብላችሁ አትላኩት። የፊልተሩን ዓይነት፣ ሚሊሜትሩን፣ ስቶፑን ጽፋችሁ ስጡት። ያገለገለ ሲፒኤል እዚሁ ከሰው ስትገዙ ደግሞ ላፕቶፕ አስከፍቱ። ነጭ ገጽ ስክሪኑ ላይ ክፈቱ፣ የፊልተሩን የፊት ገጽ ወደ ስክሪኑ አዙሩና ፊልተሩን ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩት። ጥሩ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ግራጫ ብቻ ከሆነ ፊልሙ ደካማ ነው። አንዱ ዳር ከሌላው ከፈዘዘ ወይም ጠርዙ ላይ አረፋ የመሰለ ነገር ካያችሁ ሙጫው ተላቅቋል፣ በምንም ዋጋ አትውሰዱት።